የጋሽ ታዬ መኪና ለምን ትታፈናለች?

ያኔ ገርጂ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር። በትምህርቴ እንዳይመስላችሁ፤ ከቴክኒክና ሙያ የወጣሁ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ልጅ ነኝ። ስሙ የወጣልኝ ስካነሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስለምዞር ነው። መኪና በገባ ቁጥር ገመዱን ከመሪው ሥር እሰካና ስክሪኑን አየት አድርጌ «እህ» እላለሁ። ያቺ «እህ» ስንቱን ባለመኪና አስደንግጣለች! ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከጋራዡ ሠራተኞች ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁና ጉራም አላጣኝም ነበር። ሰው ይዋሻል፣ ማሽን አይዋሽም ባይ ስለነበርኩ ከባለመኪና ጋር ብዙ አላወራም። ሹፌርንማ ጨርሶ አላዳምጥም። ሹፌር የሚነግራችሁ «ዛሬ ከፍቷታል»፣ «ዳገት ላይ ታኮርፋለች» የሚል ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ቁጥር ነበር።

ይህን ጉራዬን ያስተነፈሰችው አንዲት ቫን ናት።

ቫኗ እዚያው ገርጂ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ያለ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ንብረት ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ ሂሩት ናት፤ ልጆቹም ወላጆቹም እኛም ሚስ ሂሩት ነው የምንላት። ሹፌሩ ጋሽ ታዬ ይባላሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ኮታቸው የማይጨማደድ፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ የተተኮሰ መሐረብ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ልጆቹ ጫማቸውን ሁለቴ መሬት ላይ ሳያራግፉ መኪናዋ ላይ አይወጡም። ቫኗን ሲጠርጉ ላያቸው ሰው ሙሽራ የሚኩሉ ነበር የሚመስሉት።

ችግሯ ምን መሰላችሁ? የዛሬ ዘመን ናፍጣ መኪና ሆዱ ሥር የጭስ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ሲበዛበት ደግሞ መኪናው በመንገድ ላይ እያለ ራሱ ማጣሪያውን አግሎ ጥቀርሻውን ያቃጥለዋል። አመዱን ራሱ የሚጠርግ ምድጃ በሉት። የጋሽ ታዬ ቫን ግን አትጠርግም። ትታፈናለች፣ ቢጫ መብራት ታበራለች፣ ከዚያ ጉልበት ታጣለች።

መጀመሪያ ስትመጣ ጋራዥ ውስጥ በስካነሬ አስገድጄ አጸዳኋትና «ጨርሻለሁ» ብዬ ቁልፉን ለጋሽ ታዬ ሰጠኋቸው። በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች። ሴንሰር ቀየርኩ፣ አጸዳሁ፣ አሁንም «ጨርሻለሁ» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። በሁለት ሳምንቷ ሦስተኛ መጣች። በዚህኛው ግን ሚስ ሂሩት ራሷ አብራ መጣች።

«ምህረትዬ፣ አልተቆጣሁም» አለችኝ። ሚስ ሂሩት አልተቆጣሁም ካለች ምድር ተንቀጥቅጣለች ማለት ነው። «ግን ትናንት ሕፃናት ጭና ጎሮ ዳገቱ ላይ አቅም አጥታ ቆመችብን። ወላጅ ሁሉ ሲደውልልኝ ዋለ። እስከ ነገ አሥር ሰዓት ካልዳነች እሸጣታለሁ። ልጆቹን በኮንትራት ሚኒባስ አመላልሳለሁ።»

«ጋሽ ታዬስ?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። መኪና ከሌለ ሹፌር ምን ብዬ ይዤ እቀመጣለሁ? በዚህ ዕድሜያቸው ደግሞ ማን ይቀጥራቸዋል? ጌታ ያውቃል፣ እንደ አባቴ ነው የማያቸው።»

ጋሽ ታዬ በዚያ በኩል የቫኗን መስታወት እየወለወሉ ነበር። ያልሰሙ ለመምሰል አንዱን ቦታ ደጋግመው ሲያሹ አየኋቸው። ሁለት ጊዜ «ጨርሻለሁ» ያልኩት እኔ ነኛ!

አለቃዬ ሲሳይ ግን ምንም አልጨነቀውም። «ዶክተር፣ ምን ያንገበግብሻል? ማጣሪያውን ቀደን ውስጡን ባዶ እናደርገውና መልሰን እንበይደዋለን። ኮምፒውተሯን ዝም ታሰኛታለሽ። ስንቱን እንደዛ አድርገን ሸኘን!»

«ሲሳይ፣ ልጆቹ ሲወርዱና ሲወጡ የጭስ ማውጫው አጠገብ ነው የሚሰለፉት። አፍንጫቸው እኮ ትክክል እዚያ ቁመት ላይ ነው።»

ሲሳይ ሦስት ልጆች አሉት። ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ያንቺ ናት። ከዚያ በኋላ የእኔ ናት» አለኝ።

ያንን ረቡዕ ሙሉውን ቫኗ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ቱቦዎቹ አልተቀደዱም። ሴንሰሮቹ ልክ ናቸው። ናፍጣ የሚረጩት መርፌዎች እኩል ይረጫሉ። ጭሱን መልሶ ወደ ሞተር የሚልከውን ቫልቭ ፈትቼ አየሁት፤ ከኔ እጅ የጸዳ ነበር። ሰው ብትሆን ኖሮ ዓይን ነው ብዬ ጠበል እልካት ነበር።

ጋሽ ታዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ከአጠገቤ አልተለዩም። አንዴ «የኔ ልጅ፣ እኔ እምልሽ...» ሲሉ «ጋሽ ታዬ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው «ይቺ መኪና እኮ አንድ ጊዜ...» ሲሉ «እባክዎ ቁጥር እያነበብኩ ነው» አልኳቸው። ሦስተኛውን ሳይጨርሱት እጄን ብቻ አነሳሁባቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉና ዝም አሉ። ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋሁባቸው። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስካነሬ ውስጥ እስከዚያ ቀን ከፍቼው የማላውቀውን ገጽ ከፈትኩ። የመኪናዋ የጽዳት ታሪክ ነው። ጽዳት ተጀመረ፣ ተቋረጠ። ተጀመረ፣ ተቋረጠ። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ ያው ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ካስገደድኳት ሁለት ጊዜ በስተቀር አንድም የተፈጸመ ጽዳት የለም። መኪናዋ ራሷን ለማጽዳት ስትሞክር ኖራለች፤ አንድ ነገር በመካከል ያቋርጣታል!

«ሽቦ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የተላላጠ ሽቦ አለ ብዬ ያንን ሁሉ ሽቦ ገልጬ አንድ በአንድ ለካሁ። አንድም የተላላጠ የለም። ሲመሽ ጋሽ ታዬ ለነገው ሥራ ቫኗን ይዘዋት ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ከአራብሳ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ስመጣ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ስካነሩ «ተቋረጠ» ይላል እንጂ ማን እንዳቋረጠው አይናገርም። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ የሚያቋርጠው ነገር ያለው መንገድ ላይ ነው። ከታክሲው ወርጄ ጋራዥ እንኳ ሳልገባ በቀጥታ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ።

«ዛሬ ልጆቹን ሲያደርሱ አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኳቸው ጋሽ ታዬን።

«ደስ ይለኛል የኔ ልጅ። ጫማሽን ግን አራግፊ» አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አራት ልጆች ጭነን ተነሳን። እኔ ከፊት ስካነሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንዲት ሁለት ቁንድላ የተሠራች ልጅ ከኋላዬ አንገቷን አሰገገች።

«ሚስ፣ ጌም ነው?»

«አዎ፣ ጌም ነው።»

«እያሸነፍሽ ነው?»

«ገና ነኝ» አልኳት።

የጋሽ ታዬ አነዳድ ምን ልበላችሁ፣ እንቁላል የጫኑ ነው የሚመስለው። ቤተ ክርስቲያን ፊት ቀስ ብለው ኮፍያቸውን ያነሳሉ። ቁልቁለት ላይ ካምቢዮውን ከማርሽ አውጥተው ፎሌ አድርገው ዝም ብላ እንድትንሸራተት ይለቋታል። እያንዳንዱ በር ላይ ወርደው ልጁን ለእናቱ እጅ በእጅ ያስረክባሉ። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ግማሾቹን ልጆች አውርደን ወደ ጎሮ ስንታጠፍ ስክሪኑ ላይ «ጽዳት ተጀመረ» የሚል ወጣ።

የማጣሪያው ሙቀት ሦስት መቶ ዲግሪ፣ አራት መቶ... የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ። አንዳች የሚያቃጥል ሽታ ከሥር ሽው አለ፤ ጽዳት ሲካሄድ ያ ሽታ ያለ ነው። አምስት መቶ። «በይ በርቺ፣ በርቺ» እላታለሁ በሆዴ። አምስት መቶ ሃያ...

ጽዳት ተቋረጠ።

«አገኘሁሽ!» ብዬ ጮህኩ። አጎንብሼ ሽቦዎቹን ልፈትሽ ስል አንድ ነገር ገረመኝ፤ ጸጥ ብሏል። ሞተሩ የለም። ቀና ስል መንገድ ዳር ቆመናል። ጋሽ ታዬ ቁልፉን ነቅለው እጃቸው ላይ ይዘዋል፤ በሩንም ከፍተዋል።

«ልጆች፣ ማንም ከቦታው እንዳይነሳ» እያሉ ነው።

ልጆቹ ምንም አልደነገጡም። ባለሁለት ቁንድላዋ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ጋሽ ታዬ መኪናችንን እያስተኛት ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ ትተኛለች» አለችኝ።

ስካነሬ ያልነገረኝን የአምስት ዓመት ልጅ ነገረችኝ።

«ጋሽ ታዬ» አልኩ ድምፄን ለማረጋጋት እየሞከርኩ፣ «ለምን አጠፏት?»

«አንቺ አይሸትሽም እንዴ? ተቃጠለች እኮ! ድምፅዋም ተለወጠ። ልጆች ይዤ!»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«ሁልጊዜ!» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አንድ ቀን ዘንግቼ አላውቅም። ሽታው ሲመጣ አጠፋታለሁ፣ ኮፈኑን እከፍትላታለሁ፣ እስክትቀዘቅዝ አሳርፋታለሁ። ያቺ ቢጫ መብራት ከበራች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አልጫናትም፤ ዛሬ የጫንኳት አንቺ አብረሽኝ ስላለሽ ነው።»

ኮፈኑ ሥር ቆመን ታሪካቸውን ነገሩኝ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ላይ ሲሠሩ ያስተማራቸው ሰው «ሞተር ጠባዩን ከለወጠ አትጠይቅ፣ ቁልፉን ንቀል» ብሏቸው ነበር። አንድ ቀን ሽታ ሸቷቸው ከተማ እንድረስ ብለው ነዱ። መኪናው መንገድ ላይ ነደደ። ሰው አልተጎዳም፤ የቀረው ግን ቆርቆሮው ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአርባ ዓመት ሽታ ሸቷቸው አንድ ሜትር ነድተው አያውቁም።

አሁን ገባኝ። ይህቺን መኪና ያፈናት ግዴለሽ ሹፌር ቢሆን ባልገረመኝ። ያፈናት በከተማው ወደር የሌለው ጥንቁቅ ሹፌር ነው። ራሷን ልታጸዳ በጀመረች ቁጥር በፍቅር አፍንጫዋን ይይዟታል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ሽታው የጥቀርሻው እንደሆነ፣ ቢጫዋ መብራት «አቁመኝ» ሳይሆን «ውሰደኝና ጥሩ መንገድ ላይ ረዘም አድርገህ ንዳኝ» እንደምትል ነገርኳቸው። ቀይ ስትበራ ግን ማቆም ነው፤ እዚያ ላይ ልክ ናቸው። ሰሙኝና ኮፈኑን ደገፍ አሉ።

«ታዲያ እኔ ነኛ የገደልኳት» አሉ።

«አይደለም ጋሽ ታዬ።»

«ትናንት ልነግርሽ ነበር እኮ። ሽታዋን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሥራ ላይ ነበርሽ።»

ከዚህ የበለጠ ጥፊ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። እሳቸው እኮ የተናገሩት እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያውም የኔን ሥራ አክብረው ነው ዝም ያሉት። ሁለት ጊዜ ቁልፍ ሳስረክባቸው «እንዲህ ትሸታለች፣ እንዳያጠፏት» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ አልወጣችም። መኪናዋን ነበር ያናገርኳት፤ እሳቸውን ማን አናገራቸው?

የቀሩትን ልጆች አድርሰን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ ያስጨንቀኝ ጀመር። ለሚስ ሂሩት ምን ልበላት? «ሹፌሩ ነው ያበላሻት» ካልኩ ጋሽ ታዬን በገዛ እጄ ማባረሬ ነው። «ሽቦ ነበር፣ አስተካከልኩት» ብል ማንም አያውቅብኝም። ዋሾ ማሽን የለም ስል የኖርኩት ሴትዮ የመጀመሪያውን ውሸት እየተለማመድኩ ቢሮዋ ገባሁ።

ጋሽ ታዬ ግን ቀደሙኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። «እመቤት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪናዋ ጤነኛ ናት» አሏት።

«የለም፣ የእኔ ነው!» አልኩ። ያ የተለማመድኩት ውሸት እንደ ጉም በነነ። «ሁለት ጊዜ መኪናዋን አክሜ ለሚነዳት ሰው አንድ ቃል አልነገርኩም። ልንገርሽ ሲሉኝም ዝም አሰኘኋቸው።»

ሚስ ሂሩት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየች። «በዚህ ቢሮ ጥፋት ተሻሚ አይቼ አላውቅም፤ እናንተ ተሻማችሁበት። ግን እኔ የማምነው ካየሁ ነው። ስምንት ሰዓት ሆኗል። እስከ አሥር ሰዓት አሳዩኝ።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች።

ሦስታችን ወደ ቀለበት መንገድ ወጣን። ጋሽ ታዬ መሪ ላይ፣ እኔ ስካነሬን ይዤ ከጎናቸው፣ ሚስ ሂሩት ከኋላ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቷን አገጯ ድረስ አጥፋ።

«ስልሳ ላይ ያድርሷትና እዚያው ይያዙልኝ» አልኳቸው።

«ስልሳ?» አሉ፣ ከመሬት ያስነሷት ያልኳቸው ይመስል። «በዚህች መኪና ስልሳ ሄጄ አላውቅም።»

በቦሌ በኩል ስናልፍ ጽዳት ተጀመረ። ድምፅዋ ወፈረ። ሽታው መጣ።

«ሸተተ!» አሉ ጋሽ ታዬ።

«ይሽተት!»

ቀኝ እጃቸው ከመሪው ተነስቶ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁት። እሳቸው እንኳ ያወቁት አልመሰለኝም፤ እጁ የአርባ ዓመት ልማዱን እየሠራ ነበር። «እጅዎ መሪ ላይ!» ብዬ ስጮህ እሳት እንደነካው ሰው መለሱት። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። «እመብርሃን አደራሽን፣ እመብርሃን አደራሽን» ይላሉ። ከኋላ ደግሞ ሚስ ሂሩት «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያለች ወንበሩን ትደበድባለች። መቼም በሁለት ወገን የተጸለየላት ማጣሪያ በአዲስ አበባ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ስንት ደረሰ?» አለች ሚስ ሂሩት።

«ጥቀርሻው ግማሽ ቀርቷል፤ ሃምሳ በመቶ።»

«አንዴ ብቻ አቁሜ ልያት?» አሉ ጋሽ ታዬ፤ ልመና ነበር።

«ጋሽ ታዬ፣ ባለፈው ያመኑኝ ሳልነግርዎት ነው። ዛሬ ነግሬዎታለሁ፤ አሁን ይመኑኝ።»

ሁለቱም እጆቻቸው መሪው ላይ ቆዩ። አንድ አውሮፕላን ከላያችን ዝቅ ብሎ ሊያርፍ ሲሄድ ቀና ብለን ያየነው የለም፤ ሦስታችንም ቁጥሩ ላይ ነን። ሃያ። አሥር። አምስት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያቺ መኪና መንገድ ላይ ሆና አሳይታ የማታውቀው ቃል ወጣች፦ ጽዳት ተጠናቀቀ። ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ ቢጫዋ መብራት ድርግም አለች።

ሚስ ሂሩት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ስካነሬን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ታዬ ግን መንዳታቸውን ቀጠሉ። መመለሻው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ አልፈውት ሄዱ።

«ጋሽ ታዬ፣ መታጠፊያው አመለጠን!»

«አውቃለሁ» አሉ። ጉንጫቸው ላይ እንባ አለ፤ ከንፈራቸው ግን ይስቃል። «እንዴት ቀለለች! ትንሽ ልንዳት።»

ሚስ ሂሩት ከኋላ ሆና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። «ይንዷት። የእርስዎ አይደለች?» አለች። የቁልፉ ነገር በዚያ አለቀ።

ይኸው ነው ገጠመኜ። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ የኔን ሕይወት ግን ለሁለት ከፍሎታል። ዛሬ ጎሮ አካባቢ የራሴ የሆነች አነስተኛ የምርመራ ቤት አለችኝ። ስከፍታት መጀመሪያ ያስገባሁት ዕቃ ማሽን አልነበረም፤ ለሹፌር መቀመጫ የሚሆን ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። ማንም ይምጣ ማን እዚያ አስቀምጬ «ምን ሸተተዎት? ምን ሰሙ? ከዚያስ ምን አደረጉ?» እላለሁ። ስካነሬን የምሰካው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ጎረቤቱ ያወራኛል፤ እሰማለሁ። ከሃያው ደቂቃ ውስጥ አንዷ ናት ብልሽቷን ይዛ የምትመጣው፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አስቀድሞ ማወቂያ ማሽን እስካሁን አልተሠራም።

እናንተስ? መካኒክ መሆን የለባችሁም። ቤታችሁ ውስጥ ወይ መሥሪያ ቤታችሁ ሦስት ጊዜ «እኔ እምልሽ» ብሎ ሦስት ጊዜ ዝም የተባለ ሰው የለም? ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ «ምን ልትለኝ ነበር?» በሉት። እኔ ያልጠየቅኩት ጥያቄ አንድን አዛውንት ከእንጀራቸው ሊነቅል ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር።

ጋሽ ታዬ ዛሬም ያችኑ ቫን ይነዳሉ። ሚስ ሂሩት ወላጆቹን አስፈቅዳ ዓርብ ከሰዓት «የጽዳት ጉዞ» የምትባል ሽርሽር አውጥታለች። ልጆቹ በቀለበት መንገድ ወጥተው አውሮፕላን ሲያርፍ አይተው ይመለሳሉ፤ ቫኗም ዘና ብላ ጥቀርሻዋን ታቃጥላለች። ቢጫዋ መብራት ከዓርብ ቀድማ ከበራች ጉዞው ስለሚቀድምላቸው ልጆቹ ያጨበጭባሉ አሉ። ባለፈው ዓርብ ከጉዞ ሲመለሱ ጋሽ ታዬ ስልክ ደወሉልኝ፤ ከጀርባቸው የልጆች ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል።

«ምህረትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሸተተችኝ!»

«እና ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ? መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነዳኋት!»